ለሰርኪት ቦርድ በራሱ ትሬስ የሚዘረጋ ሶፍትዌር ከባዶ እንዴት ይጻፋል?

ስኬማቲኩ (የግንኙነት ንድፉ) ተሥሎ፣ ኮምፖነንቶቹም ቦርዱ ላይ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ የሚቀረው እግሮቹን የሚያገናኙትን የመዳብ መስመሮች፣ ማለትም ትሬሶቹን፣ መዘርጋት ነው። የትኛው እግር ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ይታወቃል። በየት በኩል አልፎ እንደሚገናኝ ግን ገና ነው። ይህን መንገድ በራሱ ፈልጎ የሚዘረጋ ፕሮግራም አውቶራውተር ይባላል።

እዚህ አንድ አውቶራውተር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሠራለን። ኪካድ ከሚባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር የወጣ ፋይል ያነባል፣ ሁለት ሌየር (የመዳብ ንጣፍ) ባለው ቦርድ ላይ ትሬስ ይዘረጋል፣ ውጤቱን ለኪካድ መልሶ ይሰጣል። ኮድ የምትጽፉና አንድ ሁለት ቦርድ ዲዛይን አድርጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ሌላ ቅድመ ሁኔታ የለም።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላስምርበት። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መንገድ መፈለጊያው አልጎሪዝም ላይ ተቸክሎ ይቀራል። እሱ እኮ ድሮ የተፈታ ነገር ነው። ከባዱ ሁለት ኔቶች (ኔት ማለት እርስ በርስ መገናኘት ያለባቸው እግሮች ስብስብ ነው) አንድ ጠባብ ቦታ ሲፈልጉ ማን ይለፍ፣ ማን ይዙር የሚለው ነው። አውቶራውተር ጎበዝ ወይም ሰነፍ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። ጊዜያችሁን ለእሱ ቆጥቡ።

ደረጃ 1፦ ጠበብ አድርጋችሁ ጀምሩ

መጀመሪያ የምትሞክሩበትን ቦርድ ምረጡ። የእኔ ምርጫ አትሜጋ 328ፒ ማይክሮኮንትሮለር ያለበት ቀላል ቦርድ ነው። ባለ 28 እግሩን ዲአይፒ (እግሮቹ በሁለት ረድፍ ቦርዱን በስተው የሚገቡትን ዓይነት) ተጠቀሙ። ከጎኑ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ ሁለት ሦስት የፒን ማገናኛ ይኑሩበት። የቦርዱ መጠን 100 በ80 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ደንቦቹንም ከወዲሁ ቁረጡ። የትሬስ ስፋት 0.2 ሚሊ ሜትር፣ በሁለት መዳቦች መካከል ያለው ክፍተት 0.2፣ ቪያው (ሁለቱን ሌየሮች የሚያገናኘው ቀዳዳ) የውጭ ዲያሜትሩ 0.6 ሆኖ ቀዳዳው 0.3። ይህን አብዛኛው ቦርድ የሚያመርት ድርጅት ይሠራዋል። ቢጂኤ (እግሮቹ ከሥሩ የተደረደሩ ቺፕ)፣ አራት ሌየር፣ ርዝመታቸው እኩል መሆን ያለባቸው ትሬሶች፣ እነዚህን ሁሉ ለጊዜው እርሷቸው።

ቋንቋውስ? በፓይተን ጀምሩ። ሐሳቡን በፍጥነት ለመቀያየር ይመቻል። ፍለጋው የሚሮጥበትን ትንሿን ክፍል በኋላ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ራስት ታዛውሯታላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቦርዱን ማንበብ

ኪካድ ቦርዱን ዲኤስኤን በሚባል ፋይል ያወጣል፤ የተዘረጋውን ደግሞ ኤስኢኤስ በሚባል ፋይል ይቀበላል። ሁለቱም ስፔክትራ ከሚባለው የቆየ አውቶራውተር የመጡ ናቸው። ክፍት ምንጭ የሆነው አውቶራውተር ፍሪራውቲንግም የሚሠራው በእነዚሁ ፋይሎች ነው። በእነሱ መጀመር ትልቅ ጥቅም አለው። አንድ ዓይነት ፋይል ለፍሪራውቲንግና ለእናንተ ፕሮግራም ሰጥታችሁ ውጤቱን ጎን ለጎን ታስተያያላችሁ።

ፋይሉ በቅንፍ ውስጥ ቅንፍ እየከተተ የሚሄድ ጽሑፍ ነው። ማንበቢያው ጥቂት አሥር መስመር ኮድ ይበቃዋል። የምትፈልጓቸው አራት ክፍሎች ናቸው። ስትራክቸር የሚለው ሌየሮቹን፣ የቦርዱን ጠርዝና ደንቦቹን ይዟል። ፕሌስመንት እያንዳንዱ ኮምፖነንት የት እንዳለና በስንት ዲግሪ እንደዞረ ይናገራል። ላይብረሪ የፓዶቹን (እግሮቹ የሚበየዱባቸውን የመዳብ ቦታዎች) ቅርጽ፣ ኔትወርክ ደግሞ የትኛው እግር የትኛው ኔት ላይ እንዳለ ያሳያል። አስቀድሞ በእጅ የተዘረጋ ትሬስ ካለ ዋየሪንግ በሚለው ሥር ይመጣል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው አቅጣጫ ነው። በኪካድ ስክሪን ላይ ዋይ (የቁመት ልኬቱ) ወደ ታች ሲሄድ ይጨምራል፤ በዲኤስኤን ግን ወደ ላይ። ሁለተኛው ሚዛን ነው። በዲኤስኤን ውስጥ ያለው ቁጥር በማይክሮ ሜትር ነው። በኤስኢኤስ ላይ ግን ሬዞሉሽን የሚለው መስመር 10 ካለ፣ እያንዳንዱ ቁጥር የማይክሮ ሜትር አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ይህን ካልያዛችሁ ትሬሱ በሙሉ አሥር እጥፍ ተልቆ ወይም አንሶ ይመጣል። ሦስተኛው ከቦርዱ በታች በኩል የተቀመጠ ኮምፖነንት ነው። ፓዶቹ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጠው መነበብ አለባቸው።

ልኬቱን ሁሉ በናኖ ሜትር፣ በሙሉ ቁጥር ያዙት። ኪካድ ራሱም በውስጡ እንደዚያ ነው የሚያስቀምጠው። ነጥብ ያላቸው ቁጥሮች ስትጠቀሙ 0.1 እና 0.2 ተደምረው በትክክል 0.3 አይሆኑም። ክፍተት በምትለኩበት ሥራ ላይ ይህ ያለ ምክንያት ስሕተት እየፈለፈለ ያደክማችኋል።

አንብባችሁ እንደጨረሳችሁ ወዲያውኑ ሥዕል አውጡ። ፓዶቹን፣ ጠርዙንና የኔቶቹን ቀጥታ መስመሮች በኤስቪጂ ሥላችሁ ከኪካዱ ጋር አስተያዩ። አንድ ፓድ እንኳ ቦታውን ከሳተ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

ደረጃ 3፦ ግሪድና ክፍተት

ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያስስ በትናንሽ ሳጥኖች እንከፋፍለዋለን፤ ይህ ግሪድ ይባላል። የሳጥኑን መጠን መምረጥ ቀላል ይመስላል። አይደለም፤ ስለዚህ እዚህ ትንሽ እንቆይ።

የዲአይፒ እግሮች በ2.54 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። የ0.1 ግሪድ ብትመርጡ 2.54 ለ0.1 እኩል አይካፈልምና ፓዶቹ ከሳጥኖቹ መሃል እየሸሹ ይሄዳሉ። 0.127 ብትመርጡ ግን 2.54 በትክክል 20 ሳጥን ይሆናል። ቦርዱ ገጽ ላይ የሚበየደው የኤስኦአይሲ ቺፕ 1.27ም 10 ሳጥን ይሆናል። ቦርዳችን በዚህ ስሌት ወደ 787 በ630 ሳጥን ይመጣል። በአንድ ሌየር ወደ 496,000፣ በሁለት ሌየር ወደ 1 ሚሊዮን መሆኑ ነው። ለዛሬ ኮምፒውተር ምንም አይደለም።

አሁን ክፍተቱ። የምንዘረጋው የትሬሱን የመሃል መስመር ስለሆነ፣ መስመሩ ከሌላ ፓድ ጠርዝ ቢያንስ የስፋቱን ግማሽና ክፍተቱን ያህል መራቅ አለበት። 0.1 ሲደመር 0.2፣ ይኸውም 0.3። ስለዚህ እያንዳንዱን ፓድ በ0.3 እናፋፋዋለን። ያንን የፋፋ ቅርጽ ጥላ እንበለው። የሳጥኑ መሃል በጥላው ውስጥ ከወደቀ ሳጥኑ ለሌሎች ኔቶች ዝግ ነው። ለቪያ ደግሞ ጥላው ይሰፋል። የቪያው ግማሽ 0.3 ሲደመር 0.2፣ 0.5 ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ካርታ ያስፈልጋል፣ አንዱ ለትሬስ፣ አንዱ ለቪያ። በአንድ ካርታ ለመጨረስ አትሞክሩ።

በቁጥር እንየው። ሁለት የዲአይፒ ፓዶች ጎን ለጎን ናቸው፣ ዲያሜትራቸው 1.6። ከፓዱ መሃል እስከ ጥላው ጠርዝ 0.8 ሲደመር 0.3፣ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው። ከ2.54 ላይ ሁለት ጊዜ 1.1 ሲቀነስ 0.34 ይተርፋል። የትሬሱ መሃል ማለፍ የሚችለው በዚህች 0.34 ውስጥ ብቻ ነው። በእኛ ግሪድ ይህ ቦታ ሦስት ሳጥን ነው፤ ከግራው ፓድ ስንቆጥር 9ኛው፣ 10ኛውና 11ኛው። ፓዶቹ ግሪዱ ላይ ተቀምጠው ሳጥኑ 0.5 ቢሆን ኖሮ ግን አንድም ሳጥን አይገባበትም ነበር። መንገዱ በእውን አለ፣ ፕሮግራሙ ግን አያየውም። ያኔ «መንገድ የለም» እያለ ሲያስቸግራችሁ ጥፋቱ የፍለጋው ይመስላችኋል።

ሌላም አለ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ትሬሶች ከመሃል እስከ መሃል 0.4 መራራቅ አለባቸው። ሦስት ሳጥን 0.381 ነው። በ0.019 ብቻ አነሰ! ስለዚህ አራት ሳጥን ይወስዳሉ። የትሬሱን ስፋት ወደ 0.18 ብታወርዱት ግን የሚያስፈልገው ርቀት 0.38 ይሆንና በሦስት ሳጥን ያልቃል። አራት ይዞ የነበረው ሦስት ሲበቃው በዚያው ቦታ ላይ የሚያልፈው ትሬስ በሲሶ ይጨምራል። ግሪዱንና ደንቡን ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ አስቡባቸው የምለው ለዚህ ነው።

በየሳጥኑ ላይ የምትጽፉት ቁጥር እንዲህ ይሁን። ማንም ካልያዘው 0። የአንድ ኔት የፓድ ጥላ ብቻ ካረፈበት የዚያ ኔት ቁጥር። የሁለት የተለያዩ ኔቶች ፓድ ጥላ ከተደራረበበት ደግሞ ለማንም የማይከፈት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት፣ ለምሳሌ ከዜሮ በታች 1። ቀዳዳ ያለው ፓድ በሁለቱም ሌየር ላይ መጻፉን እንዳትዘነጉ።

ደረጃ 4፦ ብዙ እግር ያለውን ኔት መበተን

አንድ ኔት አምስት እግር ሊኖረው ይችላል። ፍለጋው ግን ከአንድ ቦታ ወደ አንድ ቦታ ነው። ቀላሉ ዘዴ ዛፍ ማሳደግ ነው። ከአንድ እግር ተነሱ። ቅርቡን ያልተገናኘ እግር ፈልጋችሁ አገናኙ። ቀጥሎ ስትፈልጉ መነሻችሁ እግሮቹ ብቻ ሳይሆኑ እስካሁን የተዘረጋው መዳብ በሙሉ ይሁን። አዲሱ ትሬስ ከድሮው መሃል ላይ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ለዚያ ተብሎ የሚጻፍ የተለየ ኮድ የለም።

ውጤቱ ሁሌ አጭሩ አይደለም። ፍጹም አጭሩን ዛፍ ማግኘት ኮምፒውተርን ከሚያስጨንቁ ችግሮች አንዱ መሆኑ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። እግርን ከእግር ብቻ የሚያገናኘው ተራ ዛፍ እንኳ፣ እንቅፋት ሳይኖር በአግድምና በቁመት ብቻ ሲኬድ፣ ከፍጹሙ ከ1.5 እጥፍ በላይ እንደማይረዝም ተረጋግጧል። ለእኛ ይበቃል፤ እንለፈው።

ደረጃ 5፦ አንዱን መንገድ መፈለግ

በ1961 እ.ኤ.አ. የቤል ላብስ ባልደረባ የነበረው ሊ ያሳተመው አልጎሪዝም የዚህ ሙያ መሠረት ነው። ሐሳቡ ውሃ ሜዳ ላይ ሲፈስ እንደሚሰፋው ነው። ከመነሻው ሳጥን ወደ ጎረቤቶቹ 1፣ ከእነሱ ወደ ቀጣዮቹ 2 እየተባለ ይሰፋል። መድረሻውን ሲነካ ቁጥሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ መንገዱን ማውጣት ነው። መንገድ ካለ ያገኛል፤ ያገኘውም አጭሩን ነው። ችግሩ ወደማያስፈልግበት አቅጣጫም እኩል ይሰፋል።

በ1968 እ.ኤ.አ. ሃርት፣ ኒልሰንና ራፋኤል ያቀረቡት ኤ ስታር ይህን ያርማል። እስካሁን በተከፈለው ዋጋ ላይ እስከ መድረሻው ቢያንስ የሚቀረውን ግምት ይደምራል፤ ድምሩ ትንሽ የሆነውን ሳጥን ያስቀድማል። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ እስካልበለጠ ድረስ ውጤቱ አጭሩ መንገድ እንደሆነ ይቀጥላል።

ዋጋዎቹን በሙሉ ቁጥር ስጧቸው። ቀጥታ አንድ ሳጥን 10፣ በሰያፍ 14። ለግምቱም እነዚሁን ተጠቀሙ። በአግድምና በቁመት ከሚቀሩት ሳጥኖች ትንሹን በ14 አባዙ፣ የሁለቱን ልዩነት በ10 አባዙ፣ ደምሩ። በላይኛው ሌየር ወደ ጎን፣ በታችኛው ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ ርካሽ ይሁን፤ በተቃራኒው ለሚሄድ እርምጃ ዋጋውን እጥፍ አድርጉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ትሬሶቹ እርስ በርስ ግድግዳ እንዳይሆኑ የሚያደርገው እሱ ነው።

የቪያ ዋጋ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። 150 ብትሉት የ15 ሳጥን ዋጋ ነው። ፕሮግራሙ ቪያ ከመብሳት ወደ 1.9 ሚሊ ሜትር መዞር ይመርጣል ማለት ነው። ፋብሪካ ለሚሠራው ቦርድ ጥሩ ነው። ቦርዱን ቤታችሁ በፌሪክ ክሎራይድ (መዳብ በሚበላ ኬሚካል) የምታጥቡት ከሆነ ግን እያንዳንዱ ቪያ በእጅ የሚበሳ፣ ሽቦ ገብቶበት በሁለቱም ፊት የሚበየድ ቀዳዳ ነው። ያኔ 1500 አድርጉት። ይህ ቁጥር ቦርዱ እንዴት እንደሚሠራ ለፕሮግራሙ የምትነግሩበት ቦታ ነው።

ኮዱን ስትጽፉ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ገና ተራቸውን የሚጠብቁትን ሳጥኖች በሂፕ (ትንሹን ዋጋ ሁሌ አስቀድሞ በሚያወጣ የዳታ አደራደር) አስቀምጡ፤ የሳጥን ዋጋ ሲቀንስ የድሮውን ከሂፑ ለማውጣት አትድከሙ፣ አዲሱን ጨምሩና አሮጌው ተራው ሲደርስ ዝለሉት። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ፍለጋ አንድ ሚሊዮን ሳጥን ወደ ዜሮ አትመልሱ። በየሳጥኑ የፍለጋ ቁጥር ይኑር። ቁጥሩ ከአሁኑ ፍለጋ ቁጥር ጋር ካልገጠመ ሳጥኑ ገና ያልተነካ ነው ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ድርድር

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን።

እስካሁን ያለውን ይዛችሁ ኔቶቹን ተራ በተራ ብትዘረጉ መጀመሪያዎቹ ያምራሉ፣ የመጨረሻዎቹ መንገድ ያጣሉ። ቅደም ተከተሉን መቀየር ይረዳል፤ አጫጭሮቹን ማስቀደም ጥሩ ልማድ ነው። ግን መፍትሔ አይደለም። ሃያ ኔት ያለው ቦርድ እንኳ ተሞክሮ የማያልቅ ቅደም ተከተል አለው።

ከሁሉ የምወደው መፍትሔ በ1995 እ.ኤ.አ. ማክመርቺና ኤበሊንግ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ለኤፍፒጂኤ (ከተመረተ በኋላ ውስጣዊ ግንኙነቱ በፕሮግራም ለሚወሰን ቺፕ) ያወጡት ፓዝፋይንደር የሚባለው ዘዴ ነው። ነገሩ ድፍረት ይጠይቃል። ኔቶች እንዲጋጩ ይፈቀድላቸዋል። ሁለት ኔት አንድ ቦታ ላይ ቢደራረቡ ፕሮግራሙ አይከለክልም፤ ያስከፍላል። ዙሩ ሲያልቅ ግጭት ያለባቸው ቦታዎች ይወደዳሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ኔት ተነቅሎ በአዲሱ ዋጋ እንደገና ይዘረጋል። ግጭት እስኪጠፋ ድረስ ይደገማል።

ለምን እንደሚሠራ በምሳሌ ልየው። አንድ ጠባብ መተላለፊያ አለ እንበል፣ አንድ ትሬስ ብቻ የሚያሳልፍ። ኔት ሀ በእሱ ቢሄድ 200፣ ቢዞር 260 ያወጣል። ኔት ለ በእሱ ቢሄድ 200፣ ቢዞር ግን 900። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱም ይገቡበታል፣ ይጋጫሉ። መተላለፊያው በየዙሩ 20 ቢጨምር 220፣ 240 እያለ ይወጣል። 260ን ሲያልፍ ሀ መዞር ይሻለዋልና ይለቃል። ለ እዚያው ይቀራል፣ ዋጋውንም ይከፍላል። ሀ ይልቀቅ ብሎ የወሰነ ኮድ የለም። አማራጭ ያለው ለሌለው ለቀቀ።

የአንድ ሳጥን ዋጋ የሚሰላው እንዲህ ነው። መነሻ ዋጋው ላይ ታሪኩ ይደመራል፤ ድምሩ አሁን ባለው ጫና ይባዛል። ታሪክ የምንለው ሳጥኑ ባለፉት ዙሮች በግጭት ያከማቸው ነው፤ አይቀንስም። ጫናው አሁን፣ በዚህ ደቂቃ፣ ስንት ሌላ ኔት እንደያዘው የሚለካ ነው፤ ማንም ካልያዘው 1 ነው፣ እያንዳንዱ ሌላ ኔት ደግሞ ከታች ያለውን የጫና መጠን ይጨምርበታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ጫና ብቻ ከሆነ ሁለት ኔቶች አብረው እየሸሹ አብረው እየተመለሱ ለዘላለም ይዋልላሉ። ታሪኩ ነው ይህን የሚሰብረው።

ዙሩ በቃላት ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

የጫና መጠን = 0.5
ከዙር 1 እስከ ዙር 60፦
— ለእያንዳንዱ ኔት፦ የድሮ መንገዱን ንቀል፤ ጥላውን ከካርታው ቀንስ፤ አዲስ መንገድ ፈልግ፤ አዲሱን ጥላ ደምር
— የተጋጩትን ሳጥኖች ቁጠር
— ምንም ካልተጋጨ አቁም፤ ተሳክቷል
— ከተጋጨ በየተጋጩት ሳጥኖች ታሪክ ላይ 10 ጨምር፤ የጫናውን መጠን በ1.5 አባዛ

ኤፍፒጂኤ ላይ ሽቦዎቹ አስቀድመው የተሠሩ ናቸው፤ ወይ ተይዘዋል ወይ አልተያዙም። ቦርድ ላይ ግን ክፍተት አለ። ስለዚህ የተዘረጋ ትሬስ ሁሉ በዙሪያው ጥላ ይጥላል፤ የጥላው ስፋት ደግሞ ማን ሊጠጋው እንደሆነ ይለያያል። ትሬስ ለትሬስ 0.4። ትሬስ ለቪያ፣ ቪያም ለትሬስ 0.6። ቪያ ለቪያ 0.8። ሁሉም ከመሃል እስከ መሃል ነው። የትሬስ ካርታው በየሌየሩ ለየብቻ ነው፤ የቪያው ካርታ ግን አንድ ነው፣ ቪያ ቦርዱን በሙሉ ስለሚበሳ። በየሳጥኑ የሚቀመጠው የኔት ስም ሳይሆን ብዛት ነው፣ ስንት ኔት ጥላውን እንደጣለበት። አንድ ኔት በራሱ ጥላ እንዳይቀጣ ከመፈለጉ በፊት ሙሉ በሙሉ ይነቀላል። ደግሞም አንድ ኔት አንድ ሳጥን ላይ ሁለት ጊዜ ቢያጠላ አንድ ብቻ ተብሎ ይቆጠር።

ጥላውን ስትጥሉ ርቀቱን ከየሳጥኑ መሃል ሳይሆን ከትሬሱ መስመር ለኩ። በሰያፍ በሚሄድ ትሬስ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ፓዶች ግን አይደራደሩም። የሌላ ኔት ፓድ ጥላ እንደ ደረጃ 3 ዝግ ነው፣ ማንም በምንም ዋጋ አያልፍበትም። የቦርዱ ጠርዝም እንዲሁ።

በየዙሩ የተጋጩትን ሳጥኖች ብዛት እያተማችሁ ተከታተሉ። መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ እየተንገዳገደ ይቀንሳል። ከአሥራ አምስተኛው ዙር በኋላ ያው አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ብዙ ጊዜ ቦታው በእውነት ጠቧል ማለት ነው። ይህን ለተጠቃሚው በሥዕል አሳዩት። የታሪክ ካርታውን ዋጋው በወደደበት ቀላ አድርጋችሁ ቦርዱ ላይ ሣሉለት። «ሁለት ኔት ቀርቷል» ብቻ ከሚል መልእክት «ይህን ማገናኛ ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ብትገፋው ይበቃል» ብሎ እንዲያስብ የሚያደርገው ሥዕል ይበልጣል። ለእኔ የአውቶራውተር ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

ደረጃ 7፦ ማጽዳት

ግጭቱ ከጠፋ በኋላ በአንድ መስመር ላይ ያሉትን ነጥቦች አዋህዱ። ቀጥሎ ሌላውን ሁሉ ሳትነኩ ኔቶቹን አንድ በአንድ ነቅላችሁ፣ አሁን መጋጨት በፍጹም ሳይፈቀድ፣ ከፍ ባለ የቪያ ዋጋ እንደገና ዘርጓቸው። አዲሱ ካልተሻለ የድሮውን መልሱ። በድርድሩ ወቅት የበዙ ቪያዎች አብዛኞቹ እዚህ ይጠፋሉ። የትሬሱን ጫፍ ከሳጥኑ መሃል እስከ ፓዱ መሃል ማድረስንም አትርሱ፤ አለዚያ ኪካድ አልተገናኘም ሊል ይችላል።

ደረጃ 8፦ የማያዳላ መርማሪ

ትሬስ የዘረጋው ኮድ ራሱን እንዲመረምር አታድርጉ። በግሪዱ ስሌት ላይ ስሕተት ካለ መርማሪውም ያንኑ ስሕተት ይደግመዋል። ግሪድ የማያውቅ፣ በመስመርና በክብ ቅርጾች መካከል ያለውን ትክክለኛ ርቀት በናኖ ሜትር የሚለካ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቅ። የተለያዩ ኔቶች መዳብ ከ0.2 በታች ይቀራረባል? የአንድ ኔት እግሮች በሙሉ ተገናኝተዋል?

ከዚያ ኪካድ ራሱ ይመርምር። ከስሪት 8 ጀምሮ የደንብ ምርመራውን ስክሪን ሳይከፈት በትእዛዝ መስመር ማስኬድ ይቻላል። ስለዚህ ኮዳችሁን በቀየራችሁ ቁጥር በሙከራ ቦርዶቻችሁ ሁሉ ላይ በራሱ እንዲሮጥ አድርጉት።

ትናንሽ ፈተናዎችም ይኑሯችሁ። አንዱን ልስጣችሁ። አንድ ሌየር ብቻ ባለው ቦርድ ላይ ሌላው ሁሉ ግድግዳ ሆኖ ክፍት የሚቀረው ያ በደረጃ 3 ያሰላነው የሁለት ፓዶች መካከል ብቻ ይሁን። አንድ ኔት በእሱ ማለፍ አለበት። ሁለተኛ ኔት ስትጨምሩ ፕሮግራሙ አልተቻለም ማለት አለበት፤ ሦስት ክፍተትና ሁለት ትሬስ 1.0 ሚሊ ሜትር ሲፈልጉ በፓዶቹ መካከል ያለው 0.94 ነው። አሳለፍኩ ካለ የጥላው ስሌት ላይ ችግር አለ።

ደረጃ 9፦ ፍጥነት

በንጹሕ ፓይተን ይህ ቦርድ ያዘግማል። ግን መጀመሪያ ለኩ። ጊዜው በሙሉ ማለት ይቻላል የሚበላው ኤ ስታሩ ውስጥ ነው። እሷን ብቻ ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም ራስት ውሰዱ፤ ፋይል ማንበቢያውና ድርድሩ በፓይተን ይቆዩ። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች በኋላ ደግሞ የተጋጩትን ኔቶች ብቻ መንቀል ሥራውን በእጅጉ ያቀልላል። ይህ ሳይጋጭ የተቀመጠውን ኔት ሳይነካ ስለሚተው አንዳንዴ ድርድሩን ያስቆመዋል። በየአምስት ዙሩ አንዴ ሁሉንም ንቀሉ።

ደረጃ 10፦ ለሰው የሚቀረውን ለሰው መተው

ፕሮግራሙ ጂኦሜትሪ እንጂ ኤሌክትሮኒክስ አያውቅም። ክሪስታሉን ከማይክሮኮንትሮለሩ 9ኛና 10ኛ እግር ጋር የሚያገናኘው ትሬስ አጭርና ከሌላው የራቀ መሆን እንዳለበት አይገባውም። 100 ናኖፋራድ የሆነችው ካፓሲተር ከኃይል እግሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ሳለ ትሬሷን ቦርዱን አዙሮ ሊያመጣው ይችላል። ዩኤስቢ ካለ ሁለቱ የዳታ መስመሮች ጎን ለጎን ሆነው 90 ኦም መጠበቅ አለባቸው። እነዚህን በእጅ ዘርጉና ቆልፏቸው። ፕሮግራሙ ከዋየሪንግ ክፍል ያነባቸዋል፤ እንደ ፓድ የማይነኩ፣ የማይደራደሩ አድርጎ ይያዛቸው።

ግራውንዱን (የሰርኪቱን የጋራ ዜሮ ቮልት ኔት) ጨርሶ ከዝርዝሩ አውጡት። የታችኛው ሌየር በመዳብ ስለሚሞላ ሃያ እግር በትሬስ ማያያዝ ከንቱ ድካም ነው። ይልቁንስ ከላይ ብቻ ላሉት የግራውንድ ፓዶች አጭር ትሬስና አንድ ቪያ ያውጣላቸው። የታችኛው ሌየር እንዳይበጣጠስ እዚያ ላይ የሚሄደውን እርምጃ ሁሉ በትንሹ፣ ለምሳሌ ከ10 ወደ 13፣ አስወድዱት። ከዚያ ውጤቱን ኪካድ ውስጥ ከፍታችሁ መዳቡን ሙሉና ተነጥሎ የቀረ ደሴት መኖር አለመኖሩን እዩ። ካለ ደሴቱን የቆረጠውን ትሬስ ለይታችሁ የሳጥኖቹን ታሪክ በእጅ ከፍ አድርጉና ድርድሩን ከዚያው አስቀጥሉት።